ሟች ባለቤት አለው፦ የመቃብር ጀብዱ ከሃርጌሳ ሲታይ

ከረጅም የድንጋይ መተላለፊያ ጫፍ፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጸ አረንጓዴ የጋኔን ፊት አለ። አፉ በሰፊው ተከፍቷል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊገባበት ይችላል። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እጁን የሰደደበት እጁን ያጣል፣ ሰውነቱን ያስገባ ደግሞ ዳግመኛ አይገኝም። ሰይፍም ሆነ ድግምት፣ የዓመታት የውጊያ ልምድም ቢሆን አያድነውም።

ይህ ፊት ያለው ወረቀት ላይ ነው። አሜሪካዊው ጋሪ ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን የጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ በ1974 አወጣ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዓመቱ ባልቲሞር ውስጥ በተካሄደው የመጀመሪያው የኦሪጅንስ የጨዋታ ጉባኤ ላይ «ቱም ኦቭ ሆረርስ» የሚል የመቃብር ጀብዱ ለውድድር አቀረበ። በ1978 ታትሞ ለገበያ ሲበቃ የታሰበላቸው ገጸ ባሕርያት ከ10ኛ እስከ 14ኛ ደረጃ የደረሱ፣ ማለትም ዘንዶ ገድለው የተመለሱ ጉምቱዎች ነበሩ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ጨዋታ መሪ ሆኖ ቦታውንና የሚሆነውን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ አጠራጣሪውን በዳይስ ይወስናሉ። ገጸ ባሕርይው ከጀብዱ ወደ ጀብዱ ሲያልፍ ደረጃው ያድጋል፣ ሀብቱም ይጨምራል። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያሳደጉት ሰው ነውና ሲሞት ተጫዋቹ ከልቡ ያዝናል።

ጋይጋክስ ያንን ሐዘን አስቦ ነው መቃብሩን የሠራው። አሰረራክ የሚባል ጠንቋይ በኮረብታ ሥር ተቀብሯል፤ ከአካሉ የቀረው ዓይኖቹና ጥርሶቹ ዕንቁ የሆኑ የራስ ቅል ብቻ ነው። ወደ እርሱ የሚወስዱ ከሚመስሉት ሦስት መግቢያዎች ሁለቱ የሐሰት ናቸው። ውጊያ የለም ማለት ይቻላል። ያለው እንቆቅልሽ፣ ተንሸራታች ወለል፣ መርዝ፣ የሚያታልል ሥዕልና ትዕግሥትን የሚፈትን ግድግዳ ነው። ጋይጋክስ ይህንን የጻፈው በጉልበታቸው የሚመኩ ተጫዋቾቹን፣ ከእነርሱም መካከል የራሱን ልጅ ኧርኒንና ጓደኛውን ሮብ ኩንትዝን ለመፈተን ነበር። ኩንትዝ ወጥመዱን ያለፈው ኦርክ የተባሉ ሎሌዎቹን ከፊት ከፊት እየላከ፣ እነርሱ ባለቁበት እየተረማመደ ነው። የራስ ቅሉ ጋ ሲደርስ ዕቃውን ሰብስቦ ሸሸ።

ለዚህ ሥራ ያለኝን አክብሮት መደበቅ አልፈልግም። የጨዋታው ዓለም ለተጫዋቹ «ጠንክር፣ ሁሉንም ታሸንፋለህ» ብሎ ቃል በገባበት ዘመን ኃይል ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያስተማረ ሥራ ነው። የሚተርፈው ዝም ብሎ የሚመለከት፣ ከመንካቱ በፊት የሚጠይቅ፣ ስግብግብነቱን የሚገታ ነው። ይሁን እንጂ ጋይጋክስ ያልነካው አንድ ጥያቄ አለ፦ የመቃብሩ ሟች የማን ነው? አሰረራክ ዘመድ የለውም፣ አልቃሽም የለውም። ስለዚህ ንብረቱን መውሰድ የችሎታ እንጂ የፍትሕ ጉዳይ አይሆንም። ከፊት እየተላኩ ያለቁት ኦርኮችም ወገን ይኑራቸው አይኑራቸው የሚጠይቅ ደንብ የለም።

የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሃርጌሳ ያስፈለገችኝ እዚህ ላይ ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ አው በርኸድሌ የሚባል ቦታ አለ። የሼኽ ዩሱፍ አል ከውነይን ቀብር ያለበት፣ ምዕመናን በየዓመቱ ለዝያራ የሚጎርፉበት ጥንታዊ ስፍራ ነው። ትውፊት ለሼኹ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን ይሰጣል። አንደኛው የዐረብኛ ፊደልን ለሶማሌ ልጆች በሚጥም ዜማ ማስቆጠርን የጀመረ መምህር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ለዚህ ጽሑፍ የሚበጀው ታሪክ ነው።

መሐመድ ሐኒፍ፣ በሌላ ስሙ ቡኡር ባዓይር የሚባል ኃይለኛ ጠንቋይ አካባቢውን ያስጨንቅ ነበር ይባላል፤ ሙሽሮች ከባሎቻቸው በፊት ለእርሱ እንዲቀርቡ ያስገድድ ነበር። ሼኹ ኃይሉን እንዲያሳይ ገጠመው። ጠንቋዩ ኮረብታ ሰንጥቆ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወጣ። እንደገና እንዲያደርገው ተጠየቀና ገባ፤ በዚህ ጊዜ ሼኹ ጸለየ፣ ኮረብታውም በላዩ ተዘጋ። ጠንቋዩ ከነሕይወቱ እዚያው ቀረ።

በኮረብታ ውስጥ የተቀበረ ክፉ ጠንቋይ! ጋይጋክስ ቢሰማው ኖሮ ደስ ብሎት ይጽፈው ነበር ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን የሶማሌው ታሪክ የጨዋታው ታሪክ በሚያልቅበት ቦታ አያልቅም። የጠንቋዩ ዘመዶች ወደ ሼኹ መጥተው የደም ካሳ ጠየቁ። ሰውዬው ክፉ ነው፣ ሞቱም ይገባው ነበር፤ ደሙ ግን ደም ነው። ስምምነቱም ወንድ ልጅ ሲወለድና ሠርግ ሲደረግ ለዘሮቹ ስጦታ እንዲሰጥ ሆነ። ዘሮቹ ናቸው የሚባሉት ዪቢሮች ይህንን ስጦታ ሲቀበሉ እንደኖሩ የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ መኮንኖች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ መዝግበውታል። ተቀባዩ በአጸፋው ለሕፃኑ መጠበቂያ ክታብ ይሰጣል፣ ይመርቃል።

የመቃብር ጀብዱን ከዚህ ምድር ልጻፍ ለሚል ሰው ይህ ትልቁ ቁም ነገር ይመስለኛል። እዚህ አገር ሟች ባለቤት አለው። ክፉም ቢሆን ካሳው የሚጠየቅበት ወገን አለው። ያሸነፈው ቅዱስ እንኳ «አሸንፌያለሁና ጨርሻለሁ» ብሎ አልሄደም፤ ለተሸናፊው ልጆች ለትውልድ የሚከፈል ዕዳ ተቀብሎ ነው የሄደው። የደም ካሳ በአማራውም፣ በኦሮሞውም፣ በአፋሩም ሽምግልና የታወቀ ስለሆነ አንባቢያችን ይህንን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ለጨዋታው ዘውግ ግን ፍጹም አዲስ ነው።

አደጋም አለው። ዪቢሮች የጥንት ተረት ገጸ ባሕርያት አይደሉም። ዛሬም በሶማሌ ማኅበረሰብ ውስጥ ከዋናዎቹ ጎሳዎች ጋር እንዳይጋቡ የሚከለከሉ፣ ከፖለቲካው ጠርዝ የተገፉ ወገኖች ናቸው። ይህ የጠንቋይ ታሪክ ደግሞ መገፋታቸውን ለማስረዳት ሲነገር ኖሯል። ቡኡር ባዓይርን አንስቶ በጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ ጭራቅ አድርጎ የሚያስገባ ደራሲ በሕይወት ያለ ሕዝብን አያት ነው ጭራቅ የሚያደርገው። ታሪኩን ከካሳው ነጥሎ መውሰድ ዘረፋ ነው።

ወደ አራዌሎ ልለፍ። በሶማሌ አፈ ታሪክ ውስጥ ወንዶችን ያንበረከከችና የሰለበች ንግሥት ናት። በሰሜኑ ምድር በየቦታው የሚታዩትን ታላላቅ የድንጋይ ክምር መቃብሮች ሕዝቡ የእርሷ ነው ይላል። ወንድ ሲያልፍ ድንጋይ ይወረውራል፤ ሴት ስታልፍ ለምለም ቅጠል ታኖራለች። አንድ መቃብር፣ ሁለት ፍርድ። የትኛውም ደራሲ ከዚህ የበለጠ የመግቢያ ትዕይንት ሊፈጥር አይችልም፤ ክምሩ አጠገብ የቆሙት ጀብደኞች ድንጋይ ይወረውራሉ ወይስ ቅጠል ያኖራሉ የሚለው ብቻውን የአንድ ምሽት ጨዋታ ነው።

አራዌሎ ለተገዢዎቿ የማይቻል የሚመስል ጥያቄ ትሰጥ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ በሁለቱም ገጹ ጸጉር ያለው ቆዳ አምጡልኝ የሚል ነው። መልሱን ያገኙት ከእርሷ ተሸሽጎ ከቀረው ከሽማግሌው ኦዳይ ቢቄ ነበር፦ የአህያ ጆሮ። በአገራችን «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ፣ ሲሸነፍም አገር የሚሰጥ ልጅ ይህንን ወዲያው ይረዳል። እንቆቅልሽ ከአገር ጋር፣ አገር ከአዛውንት ጋር የተያያዘ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። በአሰረራክ መቃብር ውስጥ ሽማግሌ የለም። ተጫዋቹ የሚጠይቀው ግድግዳውን ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ይዋሻል። በአራዌሎ ታሪክ መልሱ ያለው ከመቃብሩ ውጭ፣ ሰው ዘንድ ነው። እርሱን ያላገኘ ይሞታል፤ ያገኘ ይተርፋል። ከዚህ ምድር የሚወጣ የመቃብር ጀብዱ ገዳይነቱን ሳይቀንስ ቁልፉን ከጉድጓዱ አውጥቶ በጠባቂው እጅ ሊያኖረው ይችላል። ተጫዋቾቹ ወደ ክምሩ ከመውረዳቸው በፊት ውሃ ጉድጓድ ዳር ሦስት ቀን ተቀምጠው ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚያኮርፍ ማወቅ ይኖርባቸዋል። እኔ እንደማስበው ይህ ከተንሸራታች ወለል የበለጠ ይከብዳል።

እውነተኛው የቁፋሮ ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። በሶማሊላንድ ባሕር ዳርቻ ሒስ የሚባል ስፍራ አለ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ ሙንዱስ የሚለው ወደብ እርሱ ነው ብለው ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ዕጣን ወደ ሮም ይጫንበት ነበር። ከባሕሩ በላይ ባሉት የድንጋይ ክምር መቃብሮች ውስጥ የአገሬው ሰዎች ከሮም ግዛት በመጣ የመስታወት ዕቃና ቀይ ሸክላ ታጅበው ተቀብረዋል። ፈረንሳዊው አሳሽ ዦርዥ ሬቮዋል በ1880ዎቹ መባቻ መቃብሮቹን ከፈተና ያገኘውን ወደ ፓሪስ ወሰደ። ስብስቡ እዚያ ባለ ሙዚየም ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ የተሟላ ጥናት በ1993 ታተመለት። የትኛው ዕቃ ከየትኛው ሰው አጠገብ እንደነበረ ግን ብዙው ጠፍቷል።

ሬቮዋል ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ያደረገው ከጨዋታው ጀብደኛ ጋር አንድ ነው፦ መቃብሩን ባለቤት እንደሌለው ጎተራ አይቶ ከፈተ። ከእርሱ በኋላም ወርቅ ፈላጊው አልተቋረጠም። ከ2015 ጀምሮ በሶማሊላንድ የሚሠራው፣ በአልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል የሚመራው የስፔን ቡድን ሒስ ሲደርስ ብዙዎቹ ክምሮች ተፈልፍለው ነው ያገኛቸው። ድሀ ወጣት ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ይቆፍራል፤ የሚያገኘው የተሰበረ መስታወትና ስብርባሪ ሸክላ ነው። ሸክላው ከተነሳበት ቦታ ጋር ቢቆይ ኖሮ የአያቶቹን የባሕር ንግድ ይነግረው ነበር።

ከሌላው ወገን የተሻለ ምሳሌ አለ። በሃርጌሳና በበርበራ መካከል ያሉትን የላስ ጌል ዋሻ ሥዕሎች በ2002 መጨረሻ የዣቪዬ ጉተርዝ የፈረንሳይ ቡድን ለዓለም አስተዋወቀ፤ ወደ 5,000 ዓመት ዕድሜ የሚገመቱ፣ ያጌጡ ላሞችና ሰዎች ናቸው። የአካባቢው ሰው ግን ከድሮ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ቦታው የጂን ነው ብሎ ይፈራው፣ ይርቀውም ስለነበር ነው ቀለሙ እስከዛሬ የደመቀው። ፍርሃቱ ጠባቂ ነበር። በስደት አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰችው አርኪዮሎጂስት ሳዳ ሚሬ ዳምባሊን የተባለውን ሌላ የሥዕል ስፍራ በ2008 ለምሁራን ስታሳውቅ የያዘችው ሐሳብም ከዚሁ ይገጥማል፦ በሶማሌ ዘንድ ቅርስ የሚጠበቀው በዋናነት ዕቃን በማስቀመጥ ሳይሆን ዕውቀትን በማስተላለፍ ነው ትላለች። አው በርኸድሌንም ያጠናችው እንደዚሁ ነው፣ ሕያው ልማዱን ከድንጋዩ ሳትነጥል።

ጉዳዩ የሶማሊላንድ ብቻ እንዳይመስለን። የይፋት ወላስማ ነገሥታት የዘር ሐረጋቸውን በትውፊት ወደዚሁ ሼኽ ዩሱፍ ይመልሳሉ። የእነዚያ ነገሥታት የመቃብር ስፍራ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በአማራ ክልል ነው፤ ፍራንስዋ ዣቪዬ ፎቬልና ባልደረቦቹ ስለ ይፋት ዋና ከተማና ስለ ነገሥታቱ መቃብር ያደረጉትን ጥናት በ2017 አሳትመዋል። የሃርጌሳው ኮረብታና የሸዋው ሸንተረር በአንድ ቅዱስ ስም ተሳስረዋል ማለት ነው። ኢትዮጵያና ሶማሊላንድ በጥር 2024 ከተፈራረሙት የመግባቢያ ስምምነት ወዲህ ስለ ሶማሊላንድ በአማርኛ ብዙ ተጽፏል፤ ከወደቡ ያለፈው ግን ጥቂት ነው። ይህ ያስቆጨኛል።

ስለ ሃርጌሳና ስለ መቃብር እየጻፉ 1988ን መዝለል አይቻልም። በዚያ ዓመት ግንቦት መጨረሻ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከተማዋን ሲያጠቁ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሱ ጄቶች የገዛ ሕዝቡን ደበደበ። ሃርጌሳ ፈራረሰች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ሃርቲሼክን በመሳሰሉ የኢትዮጵያ መጠለያዎች ሰፈሩ። የተገደሉት በጅምላ ተቀበሩ። በ1997 ከባድ ዝናብ ማልኮ ዱርዱሮ በሚባለው የወንዝ ዳርቻ አፈሩን ሲያጥበው አጽሞቹ ወጡ፤ እጆቻቸው ታስረው የተገኙም ነበሩ። በዚያው ዓመት የጦር ወንጀል መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የራሷን የጠፉ ሰዎች ስትፈልግ ከኖረችው ከፔሩ የመጣ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን አጽሞቹን በሥርዓት ማውጣት ጀመረ። በዚያድ ባሬ ዘመን የመከላከያ ሚኒስትርና ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው መሐመድ አሊ ሳማንታር በ2012 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለተበዳዮች 21 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበታል።

ይህ መቃብር ለጨዋታ አይሆንም። ማንም ሰው ማልኮ ዱርዱሮን ለጀብዱ መድረክ ሊያደርገው አይገባም፤ እናቶቻቸው በሕይወት አሉ። ነገር ግን ስለ መቃብር የሚጻፍ ማንኛውም ልቦለድ ወይም ጨዋታ በዚህች ከተማ የሚነበብ ከሆነ፣ አንባቢው አጽም የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚያስታውስ ደራሲው ማወቅ አለበት። ካሳው ያልተከፈለ ደም አለ። ለጠንቋዩ ዘሮች እንኳ ካሳ የቆረጠ ሕዝብ ለገዛ ልጆቹ ፍትሕ ሲጠብቅ ከ35 ዓመት በላይ ሆነው።

ዘውጉ ራሱ በዚህ መሐል ወደ አፍሪካ ፊቱን እያዞረ ነው። በ2017 የወጣው «ቱም ኦቭ አናይሌሽን» አሰረራክን መልሶ አምጥቶ መቃብሩን ቹልት በምትባል፣ አፍሪካን በምታስታውስ የጫካ ምድር አኖረው። ጥቁር ነጋዴ መሳፍንት ያሉባት ሀብታም ከተማ መኖሯ ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ ሆኖም አፍሪካ አሁንም ጫካ፣ በሽታና የሚዘረፍ ፍርስራሽ ናት የሚል ትችት ደርሶበታል፣ ተገቢም ነው። በ2022 የወጣው «ጀርኒስ ስሩ ዘ ሬዲያንት ሲታዴል» የተባለው የ13 ጀብዱዎች መድበል የተሻለ እርምጃ ወሰደ፦ ታሪኮቹን ከየባህሉ የመጡ ጸሐፊዎች ራሳቸው ጻፏቸው። ምዕራብ አፍሪካ፣ ሜክሲኮ፣ ቤንጋል፣ ኮሪያ፣ ፋርስ ድርሻ አገኙ። የእኛ ቀንድ ግን የራሱ ምዕራፍ የለውም።

ምዕራፉን ለመጻፍ ከሃርጌሳ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ዐውደ ርዕይ የሚካሄድባት፣ ቅኔ የሚከበርባት ከተማ ናት። ዐውደ ርዕዩን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው የሒሳብ ሊቁ ጃማ ሙሴ ጃማ ራሱ የግመል እረኞች አሸዋ ላይ ስለሚጫወቱት ሻህ በ2000 መጽሐፍ አሳትሟል። በሻህ ሁለት ሰዎች 12፣ 12 ጠጠር ይዘው ይፋለማሉ፤ ተመልካቹ ዙሪያውን ከቦ ይከራከራል፣ ይመክራል። ጨዋታን እንደ ዕውቀት የሚያይ ባህል አለ ማለት ነው። ከውጭ የሚፈለገው ዳይሱ ብቻ ነው፣ እርሱም በዛሬ ጊዜ ስልክ ላይ አለ።

ለሃርጌሳ፣ ለጅግጅጋ፣ ለሐረርና ለአዲስ አበባ ወጣት ጸሐፊዎች የምለው ይህ ነው። የአሰረራክን መቃብር አንብቡት፤ ጥሩ መምህር ነው፣ ወጥመዱንም ሳታለሰልሱ ውሰዱት። ስትጽፉ ግን ሟቹን ባለቤት ስጡት። ተጫዋቹ ከኮረብታው ዕንቁ ይዞ ሲወጣ ደጅ ላይ የሟቹ ልጆች ቆመው ይጠብቁት፤ የሚቀጥለው ደረጃ ላይ የሚደርሰውም ካሳውን ቆርጦ ሲከፍል ይሁን። ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ አው በርኸድሌ ሂዱ፣ ጠባቂዎቹን ጠይቁ፣ ከዪቢር አዛውንቶችም ታሪኩን በራሳቸው አንደበት ስሙ፤ ፈቃዳቸውንም ሳትቀበሉ አንድ ገጽ አታትሙ።